ግዳይና ምስክር፦ የጌረርሳ ታሪክ በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች

ጌረርሳ በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ የራሱን ጀብዱ በግጥምና በዜማ የሚናገርበት የቃል ሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ሲሆን፣ ስሙም በአማርኛ መፎከር ወይም ማቅራራት ከሚባለው ጋር ከሚቀራረበው «ጌረሩ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። የአማርኛ ተናጋሪ ፉከራን፣ ሽለላንና ቀረርቶን በየስማቸው ለይቶ ሲያውቅ፣ ጌረርሳ የሦስቱንም ጠባይ በአንድነት ይዞ፣ ከዚያም አልፎ የዘር ቆጠራን፣ የሕይወት ታሪክንና አቤቱታን የሚያስተናግድ ሰፊ ቤት ነው። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎና በሻምቡ ዙሪያ የኖረው ጌረርሳ በጥንቱ መልኩ የአንድን ወጣት ወደ ጀግንነት ማዕረግ መውጣት የሚተርክ በመሆኑ፣ ዛሬ በዓለም ገበያ ገናና ከሆነው የጃፓን የወጣቶች ሥዕላዊ ትረካ ጋር በአጥንቱ የሚመሳሰል ሲሆን፣ ጥንካሬውም ጉድለቱም ከአንድ ምንጭ፣ ማለትም ከግዳይ፣ የሚቀዳ መሆኑን የወለጋ ታሪክ ያስረዳል። ግዳይ ማለት የተገደለው ጠላት ወይም አውሬ ብቻ ሳይሆን፣ ገዳዩ ለማስረጃ ቆርጦ የሚያመጣው አካልም ጭምር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ግዳይ ክብር በጽሑፍ ከቆዩት ጥንታዊ ቃሎች አንዱ የአባ ባሕርይ ነው። በ1593 ገደማ የኦሮሞን እንቅስቃሴ ታሪክ በግእዝ የጻፉት እኚህ የጋሞ አገር መነኩሴ፣ ሰው ወይም ትልቅ አውሬ የገደለ ሰው ከመሐል አናቱ ጥቂት አስቀርቶ ጠጉሩን እንደሚላጭ፣ ያልገደለው ግን መላጨት ስለማይፈቀድለት በቅማል እንደሚሠቃይ፣ ለመግደል የሚቸኩሉትም በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ተናግረዋል። አባ ባሕርይ አገራቸው የተወረረባቸው ሰው ስለነበሩ ምክንያት አሰጣጣቸው የተጎጂ ሰው ምሬት ያለበት ነው፤ የአንድን ሕዝብ ዘመቻ በቅማል ማስረዳትም የቁጣ ቀልድ ይመስላል። ዝርዝሩ ግን ትልቅ ነገር ይዟል፤ የአንድ ሰው ጀግንነት በልቡ ወይም በአፉ ሳይሆን በራሱ ጠጉር ላይ፣ ማንም ከሩቅ አይቶ በሚያነበው ምልክት፣ ይጻፍ እንደነበር ያሳያልና። ጌረርሳ የዚህ ምልክት ድምፅ ነው ማለት ይቻላል።

ልማዱ የተያያዘበት ትልቁ ግንድ የገዳ ሥርዓት ነው። ገዳ ወንዶች በየስምንት ዓመቱ ከአንድ ማዕረግ ወደሚቀጥለው የሚሸጋገሩበት፣ ሥልጣንም በዚያው ዙር የሚተላለፍበት የማኅበራዊ አስተዳደር ሥርዓት ሲሆን፣ በሽግግሩ ጊዜ የሚከበረው የቡታ በዓል፣ ማለትም ከብት የሚታረድበት ታላቅ ድግስ፣ ከአደንና ከዘመቻ ጋር የተሳሰረ ነበር። ወለጋን የያዙት የመጫ ኦሮሞ ነገዶች፣ እነ ሌቃ፣ ሲቡና ሆሮ፣ ከደጋው እርሻ ወደ ዲዴሳና ወደ አንገር ቆላ ሲወርዱ ዝሆን፣ ጎሽ፣ አንበሳና አውራሪስ ያገኙ ነበር፤ በኦሮምኛም «አርባ»፣ «ገፈርሳ»፣ «ሌንጫ» እና «ወርሴሳ» የሚባሉት የእነዚህ አራቱ ስሞች በጌረርሳ ውስጥ እንደ ማዕረግ ስም ያገለግላሉ። እያንዳንዱ አውሬ የራሱ ክብደት ነበረው፤ ሚዳቋ የገደለ አዳኝ ሥጋ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል እንጂ አይፎክርም፣ ዝሆን የጣለ ግን እናቱም ሚስቱም መንደሩም በዘፈን ይቀበሉታል፣ ራሱን ቅቤ ይቀባል፣ የዝሆን ጥርስ አምባር በክንዱ ያስራል።

የአከዋወኑን ሥርዓት ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል፤ የጌረርሳ ጥንካሬ ያለው ከግጥሙ ይልቅ እዚያ ላይ ነውና። አዳኙ ከተቀመጡት መሐል ይነሣል፤ ጦሩን ወይም ዱላውን ይይዛል፤ በተቀመጡት ፊት ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ በአጫጭር ስንኞች የአባቱን ስም፣ የወጣበትን ጎሣ፣ የወረደበትን ቆላ፣ የተሻገረውን ወንዝ፣ አብረውት የነበሩትን ሰዎች፣ አውሬው የቆመበትን ቦታና ጦሩ ያረፈበትን ጎን በተራ ይጠራል። አድማጮቹ ዝም ብለው አይሰሙም፤ በየስንኙ መካከል ያበረታቱታል፣ ያጅቡታል፣ አንዳንዴም ይጠይቁታል። ከአድማጮቹ መካከል በአደኑ አብረው የዋሉ ስላሉ የወንዙን ስም ቢያሳስት ወይም የሌላውን ጦር የራሱ ቢያደርግ የሚያፍረው እዚያው ነው። ዝሆን ሲወድቅ ጅራቱ ተቆርጦ ስለሚመጣም፣ ጅራቱን ያላሳየ ሰው ዝሆን ገደልኩ ብሎ መነሣት አይችልም። ያልገደለ ሰው ደግሞ እንዲያው ጨርሶ ለመፎከር መብት የለውም፤ «ሉግና»፣ ማለትም ፈሪ፣ መባልን ሳይፈራ የሚነሣ የለም።

ስለዚህ ጌረርሳ ተራኪው የሚጠየቅበት ትረካ ነው። ብዙዎቹ የዓለም የጀግና ታሪኮች በሦስተኛ ሰው፣ ጀግናው ከሞተ በኋላ፣ የሚቃወም ምስክር በሌለበት የሚነገሩ ሲሆኑ፣ የወለጋው አዳኝ ግን «እኔ» እያለ፣ ምስክሮቹን ፊት ለፊት አስቀምጦ ይተርካል። ይህ ግዴታ ለግጥሙም ጠቅሞታል፤ ባዶ ግነት ስለሚያስነቅፍ ባለ ጌረርሳው የሚተማመነው በቦታ ስም፣ በቀን፣ በዛፍና በድንጋይ፣ ባጭሩ በዝርዝር ነገር ላይ ነው። የወንዝና የተራራ ስሞች ያለማቋረጥ የሚደረደሩበት ጌረርሳ ለዛሬ ታሪክ ተመራማሪ የአገር ካርታ ሆኖ የሚያገለግለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ላይ የጃፓኑን አቻ ማስታወስ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ማንጋ በጃፓን በተከታታይ ሥዕሎችና በአጫጭር ንግግሮች የሚተረክ የሕትመት ታሪክ ሲሆን፣ «ሾነን» የሚባለው ዘርፉ ስሙን ያገኘው «ወንድ ልጅ» ከሚል ቃል ነው፤ በ1968 በተመሠረተው ሾነን ጃምፕ በተባለው መጽሔት ላይ ከወጡት መካከል ከ1984 እስከ 1995 የዘለቀው ድራገን ቦል እና ከ1999 እስከ 2014 በ700 ምዕራፎች የተነበበው ናሩቶ በመላው ዓለም ይታወቃሉ። የተናቀ ወይም ያልታወቀ ልጅ ከቤቱ ይወጣል፣ አስተማሪና ጓደኛ ያገኛል፣ በየደረጃው ከሚበረታ ባላጋራ ጋር ይገጥማል፣ በመጨረሻም በሕዝቡ መካከል ስም ያለው ሰው ይሆናል። የሁለቱ ጥበቦች ማዕረግ አወጣጥ፣ የባላጋራ አመዛዘንና የወዳጅነት ወግ እንግዳ በሆነ መጠን ይመሳሰላል፤ አንዱ ከሌላው ወሰደ ማለት ግን አይደለም፣ ወንድ ልጅን በፈተና የሚለካ ማኅበረሰብ ሁሉ እንዲህ ያለ ታሪክ ያወጣልና። ልዩነታቸው ያለው በምስክሩ ላይ ነው። ሥዕላዊው ታሪክ በየሳምንቱ መቀጠል ያለበት የገበያ ሥራ በመሆኑ የትናንቱ ባላጋራ ለዛሬ አይበቃውም፤ በድራገን ቦል አንድ ኃያል በተሸነፈ ቁጥር ከእርሱ የሚበልጥ ሌላ ከሰማይ መምጣት ይኖርበታል፣ በመጨረሻም ኃይል የሚለካበት ነገር ጠፍቶ ቁጥር ብቻ ይቀራል። የወለጋው ትረካ ከዚህ የዳነ ይመስላል፤ ከዝሆን የሚበልጥ አውሬ በዲዴሳ ቆላ የለምና።

ይሁን እንጂ ዝሆኑም ያልቃል፤ የጌረርሳ የመጀመሪያው ጉድለትም የታየው በዚህ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የነቀምቴን አካባቢ በአንድ አገዛዝ ሥር ያሰባሰቡት በከሬ ጎዳና ሲሆኑ፣ ልጃቸው ሞረዳ በከሬ ይህንን የሌቃ ነቀምቴ መንግሥት አስፋፍተውታል። ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ቡናና ባሪያ በሚያልፉበት የንግድ መንገድ ላይ የተቀመጠ በመሆኑም ዙሪያው ያሉ ኃይሎች ሁሉ ዓይናቸውን ጥለውበት ነበር። በ1882 የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በሆሮ ጉዱሩ ምድር እምባቦ ላይ ተዋግተው ምኒልክ ሲያሸንፉ፣ ሞረዳ ለሸዋው የጦር መሪ ለራስ ጎበና ዳጬ በሰላም ገቡ፤ አገራቸውንም በራሳቸው ቤተሰብ እያስተዳደሩ በወርቅና በዝሆን ጥርስ ግብር ለመክፈል ተስማሙ። በ1889 የተተኳቸው ልጃቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ይህንኑ ግብር መላክ ቀጠሉ። ዛሬም በነቀምቴ የሚጎበኘው የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት የዚያ ዘመን ቅሪት ነው።

ዝሆን ግብር በሆነ ጊዜ የአደኑ ትርጉም ተለወጠ። በ1890ዎቹ አገሩን የጎበኘው የሩሲያ መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች፣ በ1897 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ የሌቃን ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔርንና በአንገርና በዲዴሳ ቆላ ብዙ አዳኞች ተሰልፈው የሚያደርጉትን የዝሆን አደን ገልጿል። ፈረሰኛው በጦር፣ ባለ ጠመንጃው በጥይት መንጋውን ሲከብቡ፣ ጥርሱ ወደ ግምጃ ቤት፣ ክብሩ ወደ ገዳዩ ይሄዳል። ጌረርሳው ቀድሞ ከተናገረው የተለየ ነገር አልተናገረም፤ ወንዙን፣ ጎሣውንና ጦሩ ያረፈበትን ቦታ እንደ ድሮው ይጠራ ነበር፤ ሆኖም ጥርሱ የት እንደሚደርስ፣ መንጋው ለምን እንደሚሳሳ ለመናገር የሚያስችል ቃል በቅርጹ ውስጥ አልነበረውም። የእያንዳንዱን ገዳይ ክብር በትክክል የሚመዘግበው ይህ ጥበብ፣ ገዳዮቹ አንድ ላይ ሲደመሩ በቆላው ላይ ያደረሱትን ጥፋት ሳይመዘግብ ቀርቷል።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ የከፋ ነው። ጌረርሳ ማራኪውን ይጠራል እንጂ ምርኮኛውን አይጠራም። የግዳይ ክብር በሚቆጠርበት ዘመን የደቡብ ምዕራብ መንገዶች በባሪያ ፈንጋዮች የተሞሉ ስለነበሩ፣ በእነዚያ መንገዶች የተወሰደ ልጅ ታሪኩን የሚፎክርበት አደባባይ አልነበረውም። የሚገርመው ግን የወለጋ የመጀመሪያዎቹ የኦሮምኛ መጻሕፍት የመጡት ከእነዚሁ ድምፅ አልባዎች መሆኑ ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ ሂካ ተብለው የተወለዱ ሲሆን፣ በልጅነታቸው ተፈንግለው ከእጅ ወደ እጅ ከተሸጡ በኋላ በ1870 ምጽዋ ላይ በቨርነር ሙንዚንገር አማካይነት ነፃ ወጥተው በስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ገቡ፤ በስዊድን አገርም ተማሩ። አስቴር ጋኖ ደግሞ በሊሙ እናሪያ ንጉሥ ባሪያ ከተደረጉ በኋላ ወደ ዓረብ አገር ሊሸጡ በባሕር ላይ ሳሉ፣ በ1886 የኢጣልያ መርከብ አግኝቶ ያስለቀቃቸውና በምጽዋ አጠገብ ባለችው እምኩሉ በዚሁ ሚስዮን ትምህርት ቤት ያደጉ ሴት ናቸው።

ኦኔሲሞስ አገራቸውን በልጅነት ስለለቀቁ የቋንቋው ጥልቅ ሀብት በአፋቸው ላይ አልነበረም። ይህንን የሞሉት አስቴር ናቸው፤ ለመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም መሠረት እንዲሆን 15,000 ያህል ቃላት የያዘ መዝገበ ቃላት አሰናድተዋል፣ ወደ 500 የሚደርሱ ተረቶች፣ ምሳሌዎች፣ እንቆቅልሾችና ዘፈኖችም ሰብስበዋል። ከዚህ ስብስብ ብዙው በ1894 እምኩሉ ላይ በታተመው «ጀልቀበ በርሲሳ» በተባለው የጀማሪዎች ማንበቢያ ውስጥ ገብቷል። መጽሐፉ በግእዝ ፊደል የተጻፈ ሲሆን፣ በአማርኛ ለማይገኘውና ምላስን ወደ ላንቃ አጥፎ ለሚነገረው የኦሮምኛ ድምፅ «ዸ» የሚለው ፊደል አገልግሏል። አዲስ ኪዳን በ1893፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ወጣ።

ማንበቢያው ለጌረርሳ ታሪክ የሚጠቅመው ከጎኑ ስለሚቆም ነው። በኦሮምኛ «ኦዱ ዱሪ» የሚባሉት የጥንት ተረቶች ዓለም ከአዳኙ ዓለም ተቃራኒ ነው፤ እንደ አማርኛው ተረት ሁሉ በዚያ ጉልበተኛው አንበሳ ይሞኛል፣ ትንሹ እንስሳ በብልሃት ያመልጣል፣ የተረቱም ባለቤት በአደባባይ የሚንጎራደደው ወንድ ሳይሆን ማታ እሳት ዳር የተቀመጠችው አያት ናት። ከባሪያ ነጋዴዎች እጅ ነፃ የወጣች ሴት ለሕፃናት መማሪያ የአውሬ ገዳይን ዘፈን ብቻ ሳይሆን የተረቱንና የእንቆቅልሹንም ሀብት ማኖሯ፣ ባትናገረውም፣ ስለ ጀግንነት የተሰጠ ሌላ ፍርድ ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ኦኔሲሞስና አስቴር ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1904 ወለጋ ሲገቡ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በነቀምቴ ተቀበሏቸው፤ በተከፈተው ትምህርት ቤት አስቴር አስተማሪ ሆኑ፣ ኦኔሲሞስም እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1931 ድረስ በዚያ አገር ሠሩ።

ጌረርሳ ራሱ በብዛት የታተመው ግን በውጭ አገር ነው። ኢጣልያዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1922 በአሜሪካ በሐርቫርድ ያሳተመው የኦሮሞ ቃላዊ ሥነ ጽሑፍ ስብስብ የጦርነትና የአደን ዘፈኖችን ከትርጉማቸው ጋር ይዟል። ውለታው ትልቅ ቢሆንም፣ በገጹ ላይ የቀረው የፎካሪው ድምፅ ብቻ ነው፤ አጃቢዎቹ፣ የሚያሳፍሩት ምስክሮችና የሚታየው ጅራት ከወረቀቱ ውጭ ቀርተዋል። ከምስክሩ የተለየ ጌረርሳ ባዶ ጉራ ይመስላል፤ በኋላ ጊዜ ጌረርሳን የጉረኛ ዘፈን ነው ብለው የናቁት ሰዎች ምናልባት የሚያውቁት ይህንኑ የተቆረጠውን መልኩን ነው።

የነቀምቴ አካባቢ የጀግንነት ታሪክ በ1936 ሌላ ቅርጽ ያዘ። የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባን ከያዘ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ምዕራቡን በስብከትና በድርድር ለመያዝ የተላኩ አውሮፕላኖች ከነቀምቴ አጠገብ ቦነያ ሜዳ ላይ አረፉ። ጁን 27 ቀን ለንጋት በተቃረበ ሌሊት፣ ጥቁር አንበሳ ከተባለው የአርበኞች ድርጅት ጋር የተሰለፉ የሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ወጣት ዕጩ መኮንኖች ሰፈሩን ከበው መቱ፤ ጄኔራል ቪንቼንሶ ማሊዮኮና በርካታ ባልደረቦቹ ተገደሉ፣ አውሮፕላኖቹ ተቃጠሉ፣ ቦሬሎ የተባለው ቄስ ብቻ ተረፈ። ይህ ድርጊት ለፎካሪ አስቸጋሪ ነው። በጨለማ፣ በቡድን፣ በተኩስ የተፈጸመ ስለሆነ የማን ጥይት ማንን እንደጣለ የሚመሰክር የለም፤ አውሮፕላንም ጅራቱ ተቆርጦ ወደ መንደር አይመጣም። ዘመናዊ ጦርነት የግዳይን ሥርዓት ያፈረሰው ጀግንነትን ስላጠፋ ሳይሆን የአንድን ሰው ድርሻ ለይቶ ማሳየትን ስላጠፋ ነው።

እንዲህም ሆኖ ጌረርሳ አልሞተም፤ የተረፈውም በጥንቱ ቅርጹ ውስጥ የተደበቀ ሌላ ጉልበት ስለነበረው ነው። አንድ ሰው በሕዝብ ፊት ቆሞ «እኔ እገሌ፣ የእገሌ ልጅ፣ በእገሌ ወንዝ» ብሎ ራሱን እንዲጠራ የሚፈቅድ ሥርዓት፣ ድል ሲጠፋ ለመከራም ያገለግላል። ከነፃነት በኋላ በነበሩት ዓመታት መሬቱ በሌላ ሰው ስም የተመዘገበበት ጭሰኛ፣ ማለትም በባለ ርስት መሬት ላይ አርሶ ከምርቱ የሚያካፍል ገበሬ፣ የወረደበትን ቆላ ሳይሆን የተነቀለበትን ማሳ ይቆጥር ጀመር፤ እስረኛው የገደለውን አውሬ ሳይሆን የታሰረበትን ዓመት ይዘረዝራል፤ ደሃው የሸሹትን ዘመዶች በስም ይጠራል። በ1975 የገጠር መሬት የሕዝብ እንዲሆን ሲታወጅ የጭሰኛው አቤቱታ አንዱ መነሻው ተነቀለለት፣ የእስረኛው ጌረርሳ ግን ከመንግሥት ወደ መንግሥት ተሻግሯል። በዚህ አዲስ መልኩ ምስክርነቱ ተገልብጧል፤ ድሮ አድማጩ ፎካሪውን ይመረምር ነበር፣ አሁን ግን ፎካሪው በዝምታ የተቀመጠውን አድማጭ «ስወሰድ አይተህ የለም ወይ» ብሎ ይመረምራል። ከሙያው አንጻር ከታየ ጌረርሳ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰው ያኔ፣ የሚያሳየው ጅራት ባልነበረው ጊዜ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሴቶች በዚህ ታሪክ ውስጥ ያላቸው ቦታ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ጠባብ ሆኖ ቆይቷል፤ ገዳዩን የሚያወድስ ዘፈናቸው፣ ፈሪውን የሚያሸማቅቅ ስድባቸው ጌረርሳውን ከውጭ የሚነዳ ኃይል ሆኖ ሳለ፣ በራሳቸው ስም ተነሥተው የሚፎክሩበት ወግ አልነበራቸውም። በዚህም ረገድ የጃፓኑ የወንድ ልጆች ትረካ ዘወትር የሚነቀፍበት ነገር፣ ማለትም ሴቷን ተመልካች ወይም ሽልማት አድርጎ ማስቀመጥ፣ በወለጋም ቀድሞ የነበረ ነው።

ቋንቋው በ1991 ወደ ላቲን ፊደል ከተሻገረ በኋላ የአስቴርና የኦኔሲሞስ መጻሕፍት የተጻፉበትን ፊደል አንብቦ ኦሮምኛውን የሚረዳ ወጣት እየቀነሰ ሄዷል፤ ጌረርሳው ግን ፊደል ስለማያስፈልገው በሰርግና በበዓል መድረኮች ላይ ይሰማል። አውሬዎቹ ርቀዋል፤ በቄለም ወለጋ ዳቲ ወለል ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ጎሽና ጉማሬ ይጠበቃሉ፣ ያለፈቃድ ማደንም በሕግ ያስቀጣል። በነቀምቴ መድረክ ላይ ዱላውን ይዞ የሚንጎራደደው ወጣት ግን ዛሬም ገፈርሳን በስሙ ይጠራል፣ የዲዴሳንም ቆላ ይቆጥራል፤ ከአድማጮቹ መካከል ጎሽ በዓይኑ ያየ ሰው ባይኖርም፣ ስሙ በተጠራ ጊዜ ሁሉም አንድ ላይ ያጅቡታል።